ለትውልድ ቀያችን ውሃ ገንዘብ አዋጥተናል፤ አዲስ ጉድጓድ እናስቆፍር ወይስ ያለውን እናድን?

የጉና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከጉና ተራራ ሥር ካለች አንዲት ቀበሌ ወጥተን አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ማኅበር አለን። የምንሰበሰበው ፒያሳ ነው። ከመሀላችን ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ጊዮርጊስ በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ እናት አለች፤ ሁሉም እንደ አቅሙ አዋጥቷል። አሁን የተጠራቀመው ገንዘብ አንድ ቁም ነገር ይሠራል።

አብዛኛው አባል ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ የሶላር ፓምፕ አስተክለን፣ የማኅበሩን ስም የያዘ ሰሌዳ አቁመን እናስመርቅ ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ቀበሌዋ ውስጥ የቆሙ የእጅ ፓምፖች አሉ። ውሃቸው አልደረቀም፤ ሲበላሹ የሚጠግናቸው ጠፍቶ ነው። ከመንደሩ በላይ ደግሞ በጋም ክረምትም የማይደርቅ ምንጭ አለ፤ ስላልታጠረ ከብቱም ሰዉም የሚጠጣው ከአንድ ቦታ ነው። አዲስ ብናስቆፍር ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም ከቆሙት ጋር ይደመራል ብዬ እሰጋለሁ። የእኔ ሐሳብ ምንጩን ማጎልበት፣ ፓምፖቹን ማስጠገን፣ ከገንዘቡም የተወሰነውን ሳንነካ ለሚመጡት ዓመታት ጥገና ማስቀመጥ ነው። የውሃ ሥራ የምታውቁ፣ በየአገራችሁም የሞከራችሁ እባካችሁ ጻፉልን። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤው መግባት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ልጄ፣ ከመንደር በላይ ምንጭ ካላችሁ ጉድጓዱን ለጊዜው እርሱት። በራሱ ስበት የሚወርድ ውሃ ነዳጅ አይጠይቅም፣ የሚቃጠል ሞተር የለውም፣ የሚሰረቅ ሶላር የለውም። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ነው የፈጀሁት፤ በደጋው አገር ብዙ ዓመት ሲያገለግሉ ያየኋቸው ምንጮች ናቸው።

ግን በዓይን አይታችሁ አትወስኑ፤ ይለካ። ክረምት ላይ የሚለካ ምንጭ ያታልላል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ውሃውን በጭቃ ገድባችሁ በቁራጭ ቧንቧ አውጡትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኑበት፤ ሰዓት ያዙ። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ማለት ነው፤ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ሒሳብ ያ ምንጭ ከ1,700 ሰው በላይ ያጠጣል። ነገር ግን ምንጩ ሌሊቱንም ይፈሳል፣ ሰው የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ነው፤ ስለዚህ የሌሊቱን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። እሱን የዘለለ ፕሮጀክት ጠዋት ላይ ሰልፍና ጠብ ነው የሚያተርፈው።

ግንበኛ ስትቀጥሩ አንድ ነገር አደራ። የምንጩን ዓይን እስኪያገኝ ድረስ በጥንቃቄ ይቆፍር፣ ጠጠር ይሙላበት፣ ከላይ በሸክላ አፈር ይድፈነው፣ ከዚያ የምንጩን ውሃ የሚቀበለውን ሳጥን ይገንባ። የሳጥኑ መውጫ ቧንቧ ግን ከምንጩ ዓይን ከፍ እንዳይል። ብዙ ውሃ ለማጠራቀም ብለው ከፍ ሲያደርጉት ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ሌላ መውጫ ፈልጎ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል። ከሳጥኑ በላይ ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ይቆፈር፣ ዙሪያው ይታጠር፣ ለከብቱም ገንዳ ከታች ይሠራለት። ገንዳ ካልተሠራለት ከብት የያዘ እረኛ አጥሩን ማፍረሱ አይቀርም፤ እውነት አለው።

መርካቶ መለዋወጫ

ስለ እጅ ፓምፖቹ እኔ ልናገር፤ የምሸጠው እሱኑ ነው። ከየወረዳው የሚመጡ የውሃ ኮሚቴ ሰዎች ሱቄ ይገባሉ፤ አብዛኛዎቹ የፓምፑን ዓይነት እንኳ ሳያውቁ "የውሃ ጎማ" ነው የሚሉኝ። የእናንተ አፍሪዴቭ ነው ወይስ ኢንዲያ ማርክ? መጀመሪያ ይህን እወቁ፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

አፍሪዴቭ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እሱ የተሠራው እስከ 45 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት ሲሆን መንደርተኛው ራሱ በትንሽ መፍቻ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት የጎማ ሲሎቹና የፕላስቲክ ቡሾቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። አንድ ሙሉ መንደር ወደ ወንዝ የሚመለሰው በዚህች ጎማ ምክንያት መሆኑ ያንገበግበኛል። ስትመጡ የተበላሸውን አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ በስልክ ፎቶ አይበቃም፣ መጠኑ አይታወቅም። የሁለትና የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ ገዝታችሁ ቀበሌ ውስጥ ቁልፍ ባለው ሣጥን አስቀምጡ። ርካሽ፣ አስመስሎ የተሠራ የጎማ ሲልም አለ፤ ከማን እንደምትገዙ ጠይቁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ

መርካቶ የጻፈው ልክ ነው። ኢንዲያ ማርክ ከሆነ ግን ቧንቧው የብረት መሆኑን ተመልከቱ። የከርሰ ምድሩ ውሃ አሲዳማነት ካለው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ይበላል፤ ውሃው ቀይ ይሆናል፣ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ልብስ ያቀልማል። ሰዉ "ጉድጓዱ ተበላሸ" ብሎ ይተወዋል፤ የተበላሸው ግን ቧንቧው ነው። እንዲህ ዓይነቱን በፕላስቲክ ወይም በማይዝግ ብረት መቀየር ነው እንጂ አዲስ ጉድጓድ መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱም በዚያው ብረት ከተሠራ በዚያው ይሄዳል።

የተሸከመች ታውቃለች

ሁላችሁም ወንዶች መሰላችሁኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ልቃወም። እኔ በእንስራ ቀድቼ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን ካዛንቺስ ነው የምኖረው። እዚህ ቧንቧው ሁለት ቀን ከጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ይንጫጫል፣ ሮቶ የሌለው ሮቶ ለመግዛት ይሯሯጣል። ለገጠሯ ሴት ግን "የእጅ ፓምፕ ይበቃታል፣ 25 ሊትር ይበቃታል" እንላለን። 25 ሊትር ለመጠጥ ነው? ለልብስ ነው? ወልዳ ለተኛች ሴት ነው? የወር አበባ ላይ ላለች ልጅ ነው?

ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር ስትሉ በካርታ ነው። በጉና ዳገት 20 ኪሎ ተሸክሞ መውጣት በካርታ አይለካም። ዓለም አቀፉ መለኪያ እንኳ ደርሶ መልስ ከነሰልፉ ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም ይላል። ጥልቅ ጉድጓድና ሶላር የፈለጉት አባላት ለታይታ ብቻ አይመስለኝም፤ ውሃው ወደየጎጡ ይድረስ ነው ያሉት። አዲስ አበባ የሚጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ የመጣ ነው። ለከተማው ከሩቅ መሳብ ከተቻለ ለገበሬ ልጅ ከምንጭ እስከ ጎጥ ቧንቧ መዘርጋት ለምን ቅንጦት ይሆናል?

የጉና ልጅ

እህቴ፣ የጻፍሽው ገብቶኛል። እኔም ምንጩ ሥር ብቻ ቦኖ ይተከል አላልኩም። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ስለሆነ ቧንቧ ወደ ሦስቱ ጎጦች ማውረድ ይቻላል ብዬ ነው ተስፋ ያደረግኩት። ገንዘቡ ግን ይበቃ እንደሆነ መሐንዲሱ ይንገሩን።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ልጄ የተሸከመች፣ እውነትሽን ነው፤ መለኪያው ዝቅተኛው እንጂ የሚበቃው አይደለም። የቧንቧውን ነገር በርቀትና በከፍታ ልዩነት ነው የሚታወቀው፤ ቅየሳ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ከበዛ ግፊቱ ቧንቧውን ያፈነዳዋል፤ መሀል ላይ ግፊት የሚሰብር ትንሽ ሳጥን ይገነባል። ገንዘቡ ለሦስቱም ጎጦች ካልበቃ ዋናውን መስመር ለሦስቱም በሚበቃ ስፋት ዘርጉና ዘንድሮ አንዱን ጎጥ አገናኙ፤ ሌላውን በሚቀጥለው መዋጮ። ቀጭን ቧንቧ ዘርግቶ በኋላ ማስቀየር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ጥልቅ ጉድጓድን አልጠላም። ምንጭ በሌለበት ቆላ ሌላ ምን አለ? ግን ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ይቅደም። ያለ ጥናት ተቆፍሮ ደረቅ የወጣ ጉድጓድም ይከፈልበታል። ሶላሩም ፀሐይ ነጻ ናት ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ፓምፑና መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ወረዳ ላይ የሚያውቀው ሰው አለ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመቂ ሰው

እኛ ጋ ጥልቅ ጉድጓድ ሲባል ሕዝቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጥርስ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በእጅጉ የሚያልፍ ጉድጓድ በእኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ጣዕሙ ጥሩ ነው። የልጆቹ ጥርስ ግን ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡ አልታጠፍ ይለዋል። በጥርሷ አፍራ አፏን ሸፍና የምትስቅ ልጅ ያየ ሰው ሳያስመረምር ጉድጓድ አያስመርቅም።

አንድ ነገር ሁሉም ይወቅ፦ ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ይጨምራል። ክሎሪንም አይነካውም። የሚቀንሱት ሌሎች ናቸው፤ በተቃጠለ የከብት አጥንት ማጣራት አንዱ ነው፣ ሽብና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ ሌላው ነው። ሁለቱም የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋሉ፤ አጥንቱ ሲደክም ካልተቀየረ ማጣሪያው ለስሙ ብቻ ነው። የሚሻለው ፍሎራይዱ አነስተኛ ከሆነ ምንጭ በቧንቧ ማምጣት ነው።

ጉና የእሳተ ገሞራ ተራራ ቢሆንም እንደ ስምጥ ሸለቆው ነው እያልኩ አይደለም። ግን አስመርምሩ፤ ምርመራው ከቁፋሮው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ነርስ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁም ውሃው ከቧንቧው እስኪወጣ ድረስ ነው የጻፋችሁት። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ልጻፍ፤ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ።

ከተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ቤት ገብቶ የሚበከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ውሃው ወደ አፉ ሰፊ ዕቃ ይገለበጣል፣ ልጁ ጣሳውን ከነእጁ ይነክራል፣ ጣሳው መሬት ይቀመጣል፣ ዶሮ ይጠጣበታል። ስለዚህ በጀታችሁ ውስጥ ክዳንና ቧንቧ ያለው የመጠጥ ውሃ ዕቃ ጉዳይ ይግባ፤ ቢያንስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሥራው ጀምሮ አብራችሁ ትሁን። ጀሪካን ለማጠብ ጥቂት አሸዋና ጠጠር ከውሃ ጋር ጨምሮ አጥብቆ መነቅነቅ ነው።

ምንጩ እስኪጎለብት ድረስስ ሰዉ ምን ይጠጣ? ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የሚባሉት የውሃ ማከሚያዎች የሚገኙበት ከሆነ መጠኑን ማሸጊያው ላይ እንዳለው ይጠቀሙ። ውሃ አጋር ደፍራሽ ውሃ ላይ ኃይሉን ያጣል፤ መጀመሪያ ይጠለልና በንጹሕ ነጠላ ይጣራ። ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ ወዲያው መጠጣት ዋጋ የለውም። የሚያፈሉ ደግሞ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ይወቁ፤ እዚህ አዲስ አበባ እንኳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢሆንም ተንተክትኮ ለሦስት ደቂቃ ከቆየ ጀርሞቹ ይሞታሉ። የማገዶው ነገር ግን ያሳዝነኛል፤ ለዚያም ነው ማፍላትን ለሁልጊዜ መፍትሔ አድርጌ የማልመክረው።

ይህን ሁሉ የምለው ተቅማጥ ሕፃን እንዴት እንደሚወስድ ስላየሁ ነው። 2014 ነሐሴ ላይ ባሌ የጀመረው ኮሌራ የት የት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ።

ካራት ኮንሶ

እኛ ጋ ደፍራሽ ውሃን በሽፈራው ፍሬ እናጠራለን። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲማሰል ጭቃው ተያይዞ ይዘቅጣል። መድኃኒት ቤት በሌለበት ትልቅ ነገር ነው።

ነርስ ከአራት ኪሎ

ካራት፣ ጥሩ ነው፣ ማጥራቱንም ይችልበታል። ከጭቃው ጋር አብረው የሚወርዱ ጀርሞች አሉ፤ ሁሉንም ግን አይገድልም። ከጠራ በኋላ ክሎሪን ቢጨመርበት ሁለቱ ተጋግዘው ይሠራሉ። ሽፈራው ደግሞ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ ለጉና አይሆንም።

ሒሳብ ሹም

ስለ ገንዘቡ አያያዝ። ገንዘቡን ለኮንትራክተር ከዚህ ከፍላችሁ ቁልፍ ለመረከብ ካሰባችሁ ተው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ የገጠር ውሃ ሥራ ሲሠራ ነበር፤ በኋላ ላይ ያመጡት ዘዴ ገንዘቡን በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውሃ ኮሚቴው መስጠት ነው። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሒሳብ ያወራርዳል፤ ወረዳው ይደግፋል፣ ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ኮዋሽ በተባለው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፍቷል። ሲሚንቶውን በገዛ እጁ ተደራድሮ የገዛ ኮሚቴ ሲሰነጠቅ ዝም ብሎ አያይም።

ያስቀመጣችሁት የጥገና ገንዘብም እዚህ ፒያሳ ሊቀመንበሩ እጅ አይቀመጥ። በኮሚቴው ስም፣ በጣምራ ፊርማ፣ እዚያው አገር ይሁን። ተጠቃሚውም በጀሪካንም ሆነ በወር የሚችለውን ይክፈል፤ የማይችሉ አቅመ ደካሞችን ኮሚቴው ያውቃቸዋል። ስብሰባችሁ ላይ የምትከራከሩበት ነገር ካስፈለገ ይህ ነው፦ ማኅበሩ ከምረቃው በኋላ ለስንት ዓመት መዋጮውን ይቀጥላል?

የተሸከመች ታውቃለች

ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን። የቦኖውን ቁልፍም ሴት ትያዝ። ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሴት ለቁጥር አስገብቶ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም ሒሳብ ያዡም ወንድ የሆነበትን ብዙ አይቻለሁ። ፓምፑ ሲቆም ማግስቱን ወንዝ የምትወርደው እሷ ናት፤ ስለዚህ ቶሎ እንዲጠገን የምትጮኸውም እሷ ናት። የጥገናውን ሥልጠናም ለሴቶች ስጡ፤ የአፍሪዴቭን ዘንግ ማውጣት ጉልበት አይጠይቅም ብሎ መርካቶ ይመስክርልኝ።

መርካቶ መለዋወጫ

እመሰክራለሁ እህቴ። ከእኔ ከሚገዙት ሁሉ ዕቃውን በስሙ ጠርታ የጠየቀችኝ አንዲት የኮሚቴ ሴት ናት።

የያቤሎ ልጅ

ከቦረና ነኝ፣ ትምህርት ላይ ስድስት ኪሎ ነው ያለሁት። እኛ ጋ ኤላ የምንላቸው ባህላዊ ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው፤ ሰዎች በደረጃ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ ነው ውሃ የሚያወጡት። በየቀኑ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚያስተዳድር አባ ሄሬጋ አለ። ያ ሥርዓት የቆመው ማንም ፕሮጀክት ሳይመጣ ነው። ጉናዎችም ዕድር አላችሁ፣ የመስኖ ውሃ የምትካፈሉበት ሥርዓት ይኖራችኋል፤ አዲስ ኮሚቴ ከመፍጠራችሁ በፊት ያለውን ጠይቁ። ሽማግሌዎቹ ያልተቀበሉት ኮሚቴ ደብተር ቢኖረውም አይሰማም። ምንጩ በማን ማሳ ላይ እንደሚገኝም አጣሩ። የባለማሳው ፈቃድ በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ልጁ ሲወርስ ቧንቧውን ይነቅለዋል።

የጉና ልጅ

የያቤሎ ወንድሜ፣ የማሳውን ነገር ማንኛችንም አላነሳነውም ነበር። ምንጩ በሁለት ወንድማማቾች ድንበር ላይ ነው። ዛሬ ማታ አጎቴ ጋ እደውላለሁ።

ለስብሰባው የማቀርበው እንዲህ ሆኗል፦ ከሁሉ በፊት የባለማሳዎቹ ስምምነትና የግንቦት ልኬት፤ ከዚያ የውሃ ምርመራ፤ የቆሙት ፓምፖች ዓይነት ተለይቶ ወዲያው ይጠገናሉ፣ ይህ ልኬቱን አይጠብቅም፤ ምንጩ ከዋናው መስመር ጋር በሚቀጥለው በጋ። የጥገናው ገንዘብ ለአምስት ዓመት። ሰሌዳውን የሚፈልጉ አባላት ስላሉ ሰሌዳው ይኑር፤ ግን የኮሚቴው ሴቶች ስምና የሚጠግነው ሰው ስልክ ይጻፍበት እላለሁ። ለምርመራው ውሃውን በጠርሙስ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ባመጣው ይሆናል?

ነርስ ከአራት ኪሎ

ለፍሎራይድና ለመሳሰሉት ይሆናል፤ በዚያው ውሃ ደጋግመህ ባለቀለቅከው ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጣው። ለጀርም ግን አይሆንም። ለእሱ የሚወሰደው ናሙና ከላቦራቶሪ በተሰጠ የጸዳ ዕቃ ተቀድቶ፣ በበረዶ ሣጥን ሆኖ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። አውቶቡስ ላይ ሲሞቅ የዋለ ናሙና ውጤቱ አይታመንም። ዞኑ ወይም ወረዳው ተንቀሳቃሽ መመርመሪያ እንዳለው ጠይቅ፤ እዚያው ምንጩ ላይ ይሠሩላችኋል። መጀመሪያ አሁን ባለበት፣ ሁለተኛ ሳጥኑ ተሠርቶ በክሎሪን ከታጠበ በኋላ፣ ከዚያ በየዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ ይመርመር፤ ጎርፍ የሚገባበት ስንጥቅ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ቅየሳውን እኔ ያለ ክፍያ አየዋለሁ። የከፍታ ልኬቱን ከወረዳው ስታገኝ ላክልኝ፤ የፎቶውን መጠን አሳንሰህ ግን እንዳትልከው፣ ቁጥሮቹ ይነበቡ።